መያዣ

ካዲስ ዘመን ወዲህ ሚኒባሱ ሞልቶ፣
ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ
«ጎንደር፣ አንድ ሰው ነው!» ይላል ደጋግሞ፤
አንዱ ሰው ተሳፍሯል፣ ጉልበቴ ላይ ቆሞ።
ሾፌሩ ፍላሹን ሰክቶ ማሲንቆ ሲከፍት፣
የሁሉም ትከሻ ይንቀጠቀጣል ባለበት፤
ከመንገዱ ይሁን ከዜማው፣ ማን ለየ?
የእኔ ግን ዝም አለ፣ ውጭ ውጭ እያየ።

ማክሰኚት ላይ ቆመን፣ እሸት ሽምብራ
ከነሥሩ ታስሮ በመስኮት ሲጠራ፣
አንድ እስር ገዛሁና እየፈለፈልኩኝ
የአባቴን ወረቀት ደግሜ አነበብኩኝ፦

«ለወይዘሮ አንጓች፣ አራዳ ጠጅ ቤት።
አንድ ማሲንቆ አለኝ፣ መያዣ ያኖርሁት፤
ዕዳው ሠላሳ ብር፣ ከሰበርኩት ብርሌ ጋራ፤
ልጄ ይከፍለዋል፣ ስሜ ከተጠራ።»

ሌላ ሰው ጽፎለት ባውራ ጣቱ ፈርሟል፤
ሐምራዊው አሻራ ከፊደሉ ደምቋል።

እኔ ግን ዜማ አላውቅ፤ የመብራት ቆጣሪ
አንብቤ አዳሪ ነኝ፣ በር ለበር ዟሪ።
«የማን ልጅ ነህ?» ሲሉኝ «የገበሬ» ብዬ
ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ውሸቴን አዝዬ።

አዘዞን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ፣
ቆቡን እንደደፋ ግንቡ ከጽድ ወጣ።
«ፋሲል ያውልህ!» አሉኝ ጎኔ ያሉት አዛውንት፣
እንደ ጎረቤታቸው፣ ትላንት እንዳዩት።

ጠጅ ቤቱ የማታ ነው። ቀኑን ለመግፋት
ትኬት ቆርጬ ገባሁ ነገሥታቱ ቤት።
አስጎብኚው ደሳለው ጣቱን እየቀሰረ
«እዚህ ግብር ነበረ፣ እዚያ አንበሳ ታሰረ»
ሲል፣ «ማን ዘፈነ» አልኩት፣ «ግብሩ ሲበላ?»
ቆቡን ገፋ አድርጎ አከከ ወደ ኋላ፤
«አዝማሪማ ነበር፤ ስሙ ግን የለም፤
ግንቡን ያቆመው ኖራ እንጂ ዜማ አይደለም።»

ግድግዳውን ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ዝም።
አንድ እርግብ ኮቴ ላይ ኩስ ጣለች፤ ሌላ ምንም።

እትዬ አንጓች አርጅተው በርጩማ ላይ ናቸው፤
ወረቀቱን ሰጠሁ፤ አራቁት ከዓይናቸው፤
አሻራውን ዳብሰው፣ ጽሑፉን ሳያዩ፣
«አዛናው!» አሉና ዓይኔን ዓይኔን አዩ።
«መቼ ነው?» «ሚያዝያ።» «ማን ቀበረው?» «እኔ።»
«ማን ገጠመለትስ?» መሬት አየ ዓይኔ።

የጎርጎራ ዓሣ ሚጥሚጣ ነስንሰው
«ብላ» አሉ፣ «በባዶ ሆድ ዕዳ አይከፍልም ሰው።»
ማሲንቆው ወረደ፣ ጢስ ጠጥቶ ከርሞ፤
ቆዳው ደህና ነው፤ ጭራውን በልቶታል አይጥ ቀድሞ።

ሠላሳ ብር ሰጠሁ። ሳቁና መለሱ፦
«የያኔው ሠላሳ በግ ይገዛል እሱ!
ስሙ ከተጠራ ነው ወረቀቱ ያለው፤
እስቲ ጥራው ዛሬ፣ ቤቱ ሰው ሳለው።»
«ጭራ የለው» አልኩኝ። «ጋሪ ተራ ውረድ፤
የባዝራ ሽንት ያሳሳዋል፤ ጠይቅ ከወንድ።»

ባለጋሪው ጎባው በስልኩ አበራልኝ።
«ለምንህ ነው?» አለኝ። «የአዝማሪ ልጅ ነኝ።»
እንዲህ በቀላሉ፣ ሳላስበው ወጣ፤
ፈረሱ ጆሮውን አቆመ፣ ዝንብ እንደመጣ።
ጎባው ግድም የለው፤ ምላጩን አነሳ፤
«ለዝንቡም አስቀርለት፣ ሁሉንም አትንሳ።»

ሙጫ ቀብቼ ሳብኩት፤ ጮኸ እንደ ዛገ በር፤
«ዘይት አጠጣው!» አለ አንዱ ካጠገብ ወንበር።
ቤት አልመታ፣ ቤት አልደፋ፤ የለኝ ዜማ፣ ግጥም፣
ከቆጣሪ ቁጥር በቀር አፌ ሌላ አያውቅም፤
ስሙን ብቻ ጠራሁ፣ በዚያች ባንዷ ጭራ፦
«አዛናው»። ደገምኩት። ሦስተኛም ስጠራ
ከጥግ አንድ ሽማግሌ፣ ጠጅ የጣለው፣ «አቤት!»
አለና ቀና አለ፤ በሳቅ ሞላ ቤት።

እትዬ አንጓች አልሳቁም። ብርሌ ቀድተው፣
«ዕዳው ወርዷል» አሉ፤ «ይሄ አዲስ ዕዳ ነው።»