የፒያኖ ቃኚው ኑዛዜ

እኔ ፒያኖ ቃኚ ነኝ፤ ኩሺሮ ነው ሀገሬ፣
ጉም ከባሕር ወጥቶ እንደ ዘመድ የሚያድርበት ሰፈሬ።
አርባ ዓመት ሽቦ ሳጠብቅ፣ መዶሻ ሳለብስ ሱፍ፣
አንድ ውሸት ዋሽቻለሁ፣ ስለ አንዲት ዲዳ ቁልፍ።

የኩራሞቺ ቤት ነበር፣ ከዓሣው ገበያ በላይ።
አባትየው የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ከዘይት በቀር ሀብት የማይታይበት እጁ ላይ፤
ከተዘጋ ትምህርት ቤት የገዛው ፒያኖ፣ በወንድሞቹ ትከሻ ሲገፋ ሲገፋ
ገባ፤ ከመሐል ቁልፎቹ አንዷ፣ ፋ፣
መዶሻዋ ተሰብሮ ድምጿ የጠፋ።

«ዕቃው ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት።
ጓሮ ወጣ፣ ሲጋራ ለኮሰ፣
ጉሙን አየ፣ ተመለሰ።
«በሚቀጥለው ወር» አለ።

በሚቀጥለው ወር ሄድኩ፣ መዶሻዋን በኪሴ ይዤ፣
(የራሴን ገንዘብ ከፍዬ፣ ለሚስቴ ሳልነግር) በውርጭ ተጉዤ፤
ከበሩ ውጭ ቆምኩ።
ታናሺቱ ልጅ፣ ቶሞኤ፣ ሰባት ዓመቷ፣
ወንበሩ ላይ እግሯ ተንጠልጥሎ ትጫወታለች።
ዜማው ፋ ላይ ሲደርስ፣ ጣቷ እንጨቱን ሲመታ፣
ከአፏ ወጣች ፋ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለች፣ እንደ ጣሪያ ጠብታ።
ያችን ብቻ። ሌላውን ሁሉ ለፒያኖው ትታ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ዋሸሁ፦
«ዕቃው አይገኝም፤ ፋብሪካው ተዘግቷል።»
አባትየው እፎይ አለ። መዶሻው ዛሬም ኪሴ ውስጥ ይንኳኳል።

እንግዲህ ያች አንዲት ፋ አድጋ ሐረግ ሆነች፤ ሐረጉም ቃል።
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳፖሮ፤ የሆቴል ምድር ቤት፤ ሰካራም ይሰማታል።
ከዚያ ቶኪዮ፤ አሥራ ሁለት ወንበር፣ አንድ አምፖል ያለበት፤
ቀን ዳቦ ትሸጣለች፣ ማታ ታዜማለች፣ ባቡር ነው እንቅልፍ ቤት።
የሸክላ አሳታሚው፣ ክራባቱ የላላ፣
«ድምፅሽ ይሳሳል» አላት፤ «አንቺ ፒያኖው ላይ ሁኚ፣ ዘፋኝ እናምጣ ሌላ።»
ሁለት ዓመት ከሰው ጀርባ ተጫወተች።
ከዚያ የኑድል ማስታወቂያ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ፤ ዘፋኟን ጉንፋን ያዛትና
«በይ አንቺው በይው» አሏት። አለችው። ሀገሩ ሾርባ ሲያማስል እሷን አዜመና
ሰባት አልበም ወጣ። ኦሳካ ላይ ወረፋው በበረዶ መሐል ቆመ።

እኔ ሬዲዮኔን ከመሣሪያ ሳጥኔ ጎን አድርጌ እሰማለሁ፤
ሰው ግጥሟን ያደንቃል፣ እኔ ፋን እቆጥራለሁ።
በየዘፈኑ፣ ዜማው እዚያች ቁልፍ ላይ ሲደርስ፣
እጇ ይነሣል፣ ድምጿ ብቻውን እስኪፈስ።
ጋዜጦች «የባዶነት ፍልስፍና» ብለው ሁለት ገጽ ጻፉለት፤
ፍልስፍናው እኔ ኪስ ነው፤ ስምንት መቶ የን የከፈልኩለት።

ባለፈው መጸው መጣች።
አባቷ ከሞተ ሦስት ዓመቱ፣
ሐኪም ጉሮሮዋን ከነካው አንድ።
ፒያኖው እዚያው ነበር፣ ክዳኑ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የዓሣ ገበያ ደረሰኝ።
ሻይ ሰጠችኝ። በሹክሹክታ፣
«ፋብሪካው ተከፈተ?» አለች፣ ኪሴን እያየች።

እስኪመሽ ሠራሁ።
ሱፉን ብል በልቶት ነበር፤ ሌላ አለበስኩት።
ነካኋት። ፋ አለች፤ ጎርነን ብላ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ ነቃ ሰው።
የቶሞኤ አፍ ከልማድ ተከፈተ፤
ቆየ፤
ተዘጋ።

ጉሙ መስኮቱን ዳበሰ።
«ትንሽ ከፍ ብላለች» አለችኝ።
እውነቷን ነው።
መቃኛዬን አነሣሁ።