መስክ

ግሮኒንገን፣ መስከረም። ዝናቡ በአግድም መስኮት ይመታል፤
ሰማይ የሚባለው ነገር ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠፍቷል።
እኔ ግን ሰማይ አለኝ፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተዘጋ፣
ሦስት ወር ሙሉ ማሽን ያቦካው፣ ሲመሽም ሲነጋ።

ጋዝ ይከማቻል፣ ይወድቃል፣ በወደቀበት ይነድዳል፤
ጋላክሲ ጋላክሲን ይውጣል፣ የዋጠውንም ይመስላል።
ሁሉም አለ፤ ክብደት፣ ፍጥነት፣ የሞቱ ኮከቦች ዕድሜ።
ድምፅ ብቻ የለም። ዲዳ ዓለም ነው የሠራሁት፣
ደመወዜም ለዚሁ ነው፦ ለዲዳ አፍ ማበጀት።

ኮከብ ሲፈነዳ ስንት ኤሌክትሮን ይወነጨፋል?
በማግኔት መስክ ሲጠማዘዝ ስንት የሬዲዮ ሞገድ ይተፋል?
መስኩን ግን ማሽኑ አላሰላም፤ ውድ ነው፣ በጀት አልበቃም።
ስለዚህ አንድ ቁጥር ገመትኩ። ከየት? ብትሉኝ አልናገርም።

ትልልቆቹ ልክ ሆኑ፤ እንደ እውነተኞቹ አጉተመተሙ፤
ትንንሾቹ ጮኹ፣ ከአቅማቸው በላይ፣ እየደጋገሙ።
በግራፉ ግራ ጠርዝ መስመሬ እንደ ጊንጥ ጅራት ቀና አለ፤
ዊብረን አየውና «ያምራል» አለኝ፣ «እውነት ግን አልመሰለ።»

ሩሎፍ ከአንቴናዎቻችን ጎን ላም ያረባል።
የአጥሩ ኤሌክትሪክ በየሰከንዱ ጠቅ ሲል ጆሯችን ውስጥ ይገባል፤
ምድር ሳትኖር የተነሣ ሹክሹክታ በጥጃ አጥር ይሸፈናል።
ደብዳቤ ጻፍን። ደወልን። በመጨረሻ በአውቶቡስ ሄድኩ፣
አይብ ይዤ (ለላም አርቢ አይብ!)፣ በሩ ላይ ቆሜ ለመንኩ።
«አንድ ሌሊት ብቻ አጥፋልን።»
«ለማን ብዬ?»
«ለአንዲት ታናሽ ጋላክሲ።»
«ወተት ትሰጣለች?» አለ። ግን አጠፋው።

ያን ሌሊት ጠቅታ የለ፤ ንጹሕ፣ ድፍን ጨለማ፤
ታናሿ ካለችበት ስፍራ ምንም፣ ምንም አልተሰማ።
ከምንም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከጫጫታው ሥር አንድ ትንፋሽ፣
የእኔዋ አምሳያ ከምትጮኸው ዐሥር እጅ የሚያንስ።

ጠዋት ሩሎፍ ደወለ። ሰላምታም አልሰጠኝም።
«ትልልቆቹ አሉ፤ ከተኙበት አልተነቃነቁም።
ጥጆቹ ሄደዋል። ሰባቱም።
አጥር የሌለው መስክ ልጅ አይዝም።»

ስልኩን ሳልዘጋ ዓይኔ ቁጥሬ ላይ ወደቀ።
ታናሿ መካን አይደለችም፤ እንደ እኩዮቿ ትወልዳለች፤
መስኳ ሳስቶ ነው፤ የወለደችውን ሳያበራ ትለቃለች፤
ገና አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ባዶው ያመልጣል።

ቁጥሩን ቀየርኩ። ጅራቱ ወረደ። ሁሉም ግን አይደለም፤
ሁለት ነጥቦች ዛሬም ከመስመር ውጭ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስድስቱ ጥጆች ከቦዩ ዳር ተገኙ፣ እስከ ጉልበት ረጥበው።
ሰባተኛዋን እኔና ዊብረን እስከ ማታ ፈለግናት፣
በተውሶ ቦት ጫማ፣ ባትሪ ይዘን፣ በጭቃው ውስጥ፣
ስሟን ሳናውቅ እየጠራናት።