ጥንቃቄ አልኳት

ስሟን አልነግራችሁም፤ ያልጋነሽ ልበላት፣
ስሙን ለምን እንደመረጥኩት ቆይቶ ይግባችሁ፤ ለጊዜው ተዉት።

አፉላ ነው፣ ጊቭዓት ሃሞሬ፤ ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ሊፍቱ ከሰኞ ጀምሮ የቆመ፣ ደረጃው የሱፍ ቅርፊት ተበትኖበት አውድማ መስሎ የሚታይ።
ሀኪሟ ከሞልዶቫ መጥታ ዕብራይስጡን በጥርሷ የምትሰብር፣
እኔ ከወገራ መጥቼ በሁለት ቋንቋ መሃል የምኖር፣
ደመወዜ በሰዓት የሚቆጠር።

ያን ቀን የባልየው ውጤት ነበር።

ዶክተሯ ሁሉን በስሙ ጠራችው፤ ቫይረሱን፣ ኮንዶሙን፣ አልጋውን፤
ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችን፣ የሚተላለፍበትንና የማይተላለፍበትን።
ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ «ንገሪያቸው» አለች።
ምላሴ አፌ ውስጥ ነጠላ ተከናነበች።

ሰውየው በአባቴ ዕድሜ፣ ምኩራብ የፊት ወንበር የሚቀመጥ፤
በእሱ ፊት ያን ቃል እንዴት ላውጣው? እንዴትስ ልግለጥ?
«በሽታው የደም ነው፤ ጥንቃቄ አድርጉ» ብዬ፣
የአሥራ አንድ ደቂቃውን ነገር በእፍኝ ቃል ጠቅልዬ፣
«ገባቸው?» ስትለኝ «ገባቸው» አልኩ።
ፈርመው ወጡ። እኔም ሰዓቴን አስመዘገብኩ።

ያልጋነሽ ግን ቃል አክባሪ ናት፤ ተጠንቀቂ ሲሏት ተጠነቀቀች፤
እናቷ በወር ሰባት ቀን መርገም ጎጆ ስትቀመጥ እያየች ያደገች፣
መለየትን ማን ያስተምራታል? ብርጭቆውን ለየች፣ ማንኪያውን ለየች፣
ፎጣውን በበረኪና ዘፈዘፈች፣
የበር እጀታውን ሳይቀር ዓርብ ዓርብ ፈተገች፣
የልጅ ልጇን ከአያቱ ጉልበት ላይ አወረደች።
ማታ ማታ ግን፣ ሚስት ናትና፣ ከባሏ ጎን ተኛች።

አልጋው ነበር ነገሩ። ወይ አልጋውም እንኳ አልነበረም፤
አንዲት ቀጭን ላስቲክ ነበረች፤ እኔ ስሟን አልጠራሁም።

በዓመቱ ተመለሰች። አሁን ወረቀቱ የእሷ ነበር።
አልጮኸችም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ለራሷ እንደሚነገር፦
«ታምኜሽ ነበር።
አሁን ታመምኩ፤ ነገ ደግሞ እታማለሁ።
ሦስቱን ባንድ ዓመት እንዴት እችላለሁ?»
ዶክተሯ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።
መታመን፣ መታመም፣ መታማት በዕብራይስጥ አይዛመዱም፤ መተርጎም አቃተኝ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ማትናሱ አዳራሽ እቆማለሁ፤
ኮንዶም እላለሁ፣ ቂጥኝ እላለሁ፣ ጨብጥ እላለሁ፤
አፌ ይደርቃል፤ ቢሆንም እላለሁ።
አንዳንዱ ከዘራውን አንስቶ ይወጣል፤ «ነውረኛ» ሲለኝ እሰማለሁ።

አንድ ሽማግሌ ተነሡ፣ በዚያን ዘመን ደም የሰጡ፦
«ያኔ ከክንዳችን ተቀብለው ደፉት፤ ዛሬ ኑ ተመርመሩ ሊሉን መጡ?»
እውነታቸውን ነው። ለዚህ መልስ የለኝም፤ አልዋሽም፤
የተደፋውን ደም ማንም አይመልሰውም።
ግን አባባ፣ በተደፋው ስናዝን ያልተደፋውን አንርሳ፣
በልጅዎ ክንድ የሚሮጠውን፤ እሱን ለማወቅ ጠብታ ይበቃል፣ ከጣት ጫፍ የሚነሣ።

«ብርጭቆ አይለይም» እላለሁ፤ «አብሮ መብላት፣ ልጅ ማቀፍ ምንም አያመጣም፤
ኪኒኑን በየቀኑ የሚውጥ፣ ምርመራው ቫይረሱን ማየት እስኪያቅተው የደረሰ፣ ለአልጋ ጓደኛው አያስተላልፍም።»
ከኋላ አንዲት ወታደር ልጅ፣ ጠመንጃዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ እጇን አወጣች።
በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ፤ በአማርኛ መለስኩላት። እናቷ አጠገቧ ናት፤
አቀርቅራ መሬት መሬት አየች፤
ተነሥታ ግን አልወጣችም።

ያልጋነሽ ደህና ናት። ማታ ሁለት ሰዓት፣ ዜናው ሲጀምር ኪኒኗን ትውጣለች፤
ብርጭቆዎቹን መልሳ ቀላቅላለች።
ይቅርታ ጠይቄያት ነበር፤ መልስ አልሰጠችኝም፤
እኔም አላስቸኩላትም።
ትናንት ደረጃው ላይ ስንተላለፍ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ፤
«ይኼ ሊፍት ዛሬም አልተሠራም?» አለችኝ።