የኦስቬግ ቃለ ጉባኤ

ስማችን ኦስቬግ ነው፤ ሲፈታ «የጋራ መንገድ»፤
ቅርጻችን ስድስት ማይል በስድስት፣ የተወጠረ ገመድ።
ጋራ ግን የለንም፤ ወንበር ላይ የቆመ ሕፃን
የሦስት ወረዳ ጎተራ ይቆጥራል አንድ በአንድ።
ከኖርዌይ የመጡት፣ ገደል የናፈቃቸው፣
ሜዳውን በጋራ ስም አባበሉት፤ ምን ያድርጉ፣ አገር አማራቸው።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
በዚህ መዝገብ ጽፌአለሁ፦ እነ እገሌ ጠየቁ፣ እነ እገሌ ተቀበሉ።
የትቦ ዋጋ፣ የጠጠር ዋጋ፣ የውሻ ግብር፣ የአረም ቅጣት።
ያልጻፍኩት ይበዛል፤ ዛሬ ግን ልሞክር፣ ነገ ድምፅ አለን ለመስጠት።

መጀመሪያ ሐይቅ ነበር፤
የበረዶ ግግር ሲሸሽ የተወው፣ ዳር የሌለው፣
ማንም ስም ሳያወጣለት መጥቶ የሄደ ነው።
ጭቃው ግን ቀረ፤ ጥቁር፣ እንደ ቅቤ የሚቆረጥ፣
በዝናብ ጫማ የሚያስቀር፣ በድርቅ ስንጥቁ ክንድ የሚውጥ።
ወንዛችን ወደ ሰሜን ይፈሳል፣ ወደ ብርዱ፤
እኛ ዘንድ በረዶው ሲቀልጥ እዚያ ገና ዝግ ነው መንገዱ።
ስለዚህ በየሚያዝያው ውኃው ቆም ብሎ ያስባል፣
ዞሮም ይመለሳል፣ ማሳችን ላይ ይተኛል።
ሐይቁ ነው። ቤቱን ረስቶ አያውቅም፤
እንግዶቹ እኛ ነን፣ እሱ ደጅ አያንኳኳም።

ከእኛ በፊት ዳኮታዎች ነበሩ፣ በወንዙ ጥግ የሚሰፍሩ፣
ዓሣ የሚያደርቁ፣ ከሣሩ ሥር የሜዳ ድንች የሚቆፍሩ።
ኋላ ቃላድ ጣዩ መጣ፣ ሌሙኤል ክራንደል የሚባለው፤
የብረት ሰንሰለቱን ጎትቶ ምድሩን ሠላሳ ስድስት ከፈለው፤
«ባዶ መሬት፣ ጥሩ አፈር» ብሎ በደብተሩ ጻፈው።
ከዚያው ገጽ ግርጌ ግን፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ማታ ከማዶ ጢስ አየሁ። ውሾች ሲጮኹ አደሩ።»
ጢሱን ማን አነደደው? በባዶ መሬት ውሻ ማን ላይ ይጮኻል?
ዘግይቼ ነው የጠየቅሁት፤ የአያቴ መሬት ከዚያ ጢስ አጠገብ ይጀምራል።
አልጠፉም። የልጅ ልጆቻቸው በየበጋው መጥተው ወንዙ ዳር ይቆማሉ፤
መዝገባችን ገጽ የለውም ለነሱ፤ እነሱ ግን ሳያነቡት ያውቃሉ።

ባቡሩ በአራት ማይል ሳተን።
መንደሩ በክረምት፣ በበረዶው ላይ፣ ተነቅሎ ሐዲዱን ተከተለ፤
የሲግቫርት ሱቅ በአሥራ ስድስት ፈረስ እንደ መርከብ ተንከባለለ።
ሚስቱ ጉንሂልድ ከውስጥ፣ ምድጃው እየነደደ፣
ስኳር ትመዝን ነበር፤ አንድ ገበሬ ዘሎ ገብቶ፣ ገዝቶ፣ ወረደ።
የማይጎተት ብቻ ቀረ፦ መቃብሩ፣ የጉድጓዱ አፍ፣
ይህ አዳራሽ፣ ሦስት አጣና ዛፍ፣
በቁጥር አሥራ ስድስት የቆመው ትምህርት ቤት፤
ዛሬ የአስሌ ትቬት ማጨጃ ማሽን ያድርበታል፣
ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያልተፈታ ማካፈል ይታያል።

ነገ ማታ አሥራ አንድ መራጭ ነን።
አምስቱ «ይፍረስ፣ አውራጃው ይረከበን» ይላሉ፤
አምስቱ «ጠጠራችንን ማን ይደፋልናል» ይላሉ።
አሥራ አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ ብዕሩም በእጄ፤
ምን እንደምል አላውቅም፤ ወጣሁ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ ፋኖሴን ይዤ።

ድልድዩ እግር ላይ አባቴ የመታቸው ምስማሮች አሉ።
ውኃው ድምፅ የለውም። በረዶው ብቻ፣ ጠርዝ ለጠርዝ፣ ጥርስ ያፏጫል።
ተመልሼ ጻፍኩ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ እንደ ደንቡ፦
ሐይቁ ሦስተኛው ምስማር ላይ ደርሷል።
የሚደግፍ አለ?