የራሱ መስሎት

ሱሉልታ ሲነጋ ውርጭ ነው መንገዱ፤
የአሮጊቷ ሃይሉክስ ማሞቂያ ማር ማር ይላል ንዳዱ።
መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ፤
በእጅጌዬ ጠረግኩት፣ ተመልሶ አለቀሰ።

አባቴ ከጎኔ፣ ለሐኪም ቀጠሮ፣
ጉልበቱን ገጥሞ፣ ጋቢውን ጭኑ ላይ ቋጥሮ።
ሦስት ሳምንት እንዲህ ነው፤ አይናገርም ከቶ፣
ጋዜጣ ያነጥፋል ከእግሩ ሥር፣ ዓይኔን ሸሽቶ።
"ምነው አባባ?" ስለው፣ "ዝናብ ነው" ይለኛል፤
የጥር ዝናብ! ዝም ማለት ይሻለኛል።

ነስሩ ጋራዥ ስንቆም፣
ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ጎንበስ አለ፣
እርጥቡን ምንጣፍ ነካ፣ ጣቱን አሽትቶ ቀጠለ፦
"ጣፋጭ ሽታ፣ አረንጓዴ ውሃ፤ ሌላ ምን ሊሆን ነው?
የማሞቂያው ራዲያተር ተበልቶ ነው የሚያፈሰው።"

"መኪናዋ ናት?" አለ አባቴ፣ ድምፁ ተሰባብሮ።
"እሷ ናት፣ አባባ።"
ቀና አለ፣ እንደ ድሮ።

ዕቃው የለም፣ ቢገኝም አይቀመስም። ነስሩ ሁለቱን ቱቦ
አጋጥሞ አሰረ፣ በሽቦ ሸብቦ።
"ከእንግዲህ ብርድ ነው" አለን።

ስንመለስ በዳገቱ፣ ብርዱ አጥንት ይበሳል፤
አባቴ እግሩን ዘርግቶ ለብቻው ይስቃል፤
ከጋዜጣው የደረቀውን ገጽ መርጦ
የከረመ ወሬ ያነብልኛል፣
ጮክ ብሎ።