ገጹን በሦስት ብር

ደሴ አራዳ ላይ ነኝ፣ ከፍርድ ቤቱ ሥር፣
ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ገጹን በሦስት ብር።
መታወቂያ፣ ካርታ፣ የልደት ወረቀት፣
የክስ ማመልከቻ፣ ያለቀሱበት፤
ሁሉም በእጄ ያልፋል፣ ሞቅ እንዳለ ወጥቶ፣
እንደ ዳቦ ትኩስ፣ እንደ ዳቦ ተሸጥቶ።

ሐሙስ ለት ነው፣ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣
ወይዘሮ ጦይባ መጡ፣ ሻርፓቸው ረጥቦ።
መዳፋቸው ላይ ቁጥር፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣
በላብ የደበዘዘ፣ ግማሹ የረገፈ።

«ይኼ ቁጥር ነው» አሉኝ፣ «ሱቄን የወሰደው፤
ጠበቃቸው ጠራው፣ ዳኛው ቀና ሳይል ጻፈው።
ሰው መስሎኝ ነበር እኔ፣ ምስክር መስሎኝ፣
ዞሬ በሩን አየሁ፤
ማንም አልገባም። እኔም አልገባኝ።

አንዱ ጠበቃ ቅጹ አለው፣ ሳጥን ቆልፎበታል አሉ፣
ለመክፈት አምስት መቶ ነው፣ ለማስረዳት ሌላ፤
ሥጋ ካየሁ ቆየሁ እኔ፣ ከዓረፋ በኋላ።
እናቴ ስትነግረኝ፣ በሕግ አምላክ ሲባል
መንገደኛው ይቆማል፣ በቅሎውም ይቆማል።
ማን ያስከፍል ነበር ቃሉን? ቅጹ ስንት? ገጹ ስንት?
አሁን ቁጥር አለው ሕጉ፣ አለው የቁልፍ ሰዓት።»

ያ ቅጽ፣ ጀርባው የተላጠ፣ መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤
የሕግ ተማሪ ትቶት ነው፣ ዕዳው አርባ ብር።
ቁጥሩን አገኘሁት፤ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ፣
ሠላሳ ሦስት። መቀነቱ ተፈቶ ሃያ ላይ መነመነ።
«ግዴለም» አልኳቸው።

ገጽ ሰባት ላይ መብራት ሄደ፣
ማሽኑ ወረቀቱን እንደነከሰ ቀረ፤
የተረፈው በስልኬ ባትሪ፣ ጮክ ብሎ ተጀመረ።
«ስለሆነም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከላይ እንደተብራራው»፣
እንደ አዝዋ ገደል ዳገት አስተነፈሰኝ አንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻው።
ገጽ ዘጠኝ፣ ከግርጌው፣ አነበብኩት፤ አላመንኩም፦
«የጽሑፍ ውል ባለ ጊዜ ይህ ትርጉም አይሠራም።»

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።
«ድገመው።»
ውሉ ጉያቸው ነበረ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ማንም ገልጦ ሳያየው፣ ዓመት አብሯቸው ችሎት ውሎ።
«ታዲያ ይኼን የጻፉት ለማን ነው?» አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝ።
ለይግባኙ ስንት ቀን ቀረ፣ እሱንም አላውቅ፤ አፈርኩኝ።

ማታ መብራት መጣ።
አሥራ አንዱንም አንሥቼ ከሱቄ በር ላይ ለጠፍኩ፤
ዋጋ አልጻፍኩበትም፣ ማንንም አላስፈቀድኩ።
ሰኞ ጠዋት ገጽ ሦስትን ዝናብ አጥቦ በላው።
ማክሰኞ፣
ማን እንደሆነ እንጃ፣ በእስክሪብቶ ሞላው።