ቆጠራ

ማክሰኞ ማታ ነው። ዱሉት ከተማ ላይ በረዶው ይወርዳል፤
ከክፍላችን በር ሥር የሰባት መምህር ቦት ጫማ ያነባል።
እኔም በካልሲዬ፣ በአርባ ስድስት ዓመት፣
ቀን ሙሉ ማስተማር፣ ማታ ተማሪነት።
"ልዩ ፍላጎት" ይላል የሥራዬ ስም፤
ፍላጎቱ ልዩ ያልሆነ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ዶክተር ፔልቶላ ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሰመረች፤
"ከፊቱ። ድርጊቱ። ከኋላው።" ብላ ጻፈች።
"ልጁ ክፉ ነው አትበሉ፤ ክፋት በዓይን አይታይም፤
ያልታየ ነገር ደግሞ አይቆጠርም።"

የምቆጥረው አለኝ። አንሴል ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ቃል የለውም፤ ጥርስ አለው፤ የሚነክሰው የገዛ አንጓውን፣ ግራውን፣
ጠባሳ በጠባሳ የደረበበትን።
እናቱ ሮቤርታ ሌሊት የከተማውን በረዶ ትጠርጋለች በመኪና፤
ከሰዓት ልትወስደው ትመጣና
"ዛሬስ ስንት?" ትለኛለች፣ ሞተሩን ሳታጠፋ።
"ሃያ ሦስት።"
"ትናንት አሥራ ዘጠኝ ነበር።"
ቁጥር ይቅርታ አያውቅም፤ እኔ ግን ልጠይቃት ይዳዳኝ ነበር።

ኪሴ ውስጥ ቆጣሪ አለች፣ የብረት፣ አውራ ጣት የምታክል፤
በነከሰ ቁጥር እጫናታለሁ፤ ቀጭ ትላለች፤ ቁጥሩ ይጨምራል።
ማታ ነጥቡን ከነጥብ በመስመር አገናኘሁ፤
ሽቅብ የሚወጣ ተራራ አየሁ።
ዘቢብ ሞከርኩ፣ ተለጣፊ ኮከብ፣ የሚሽከረከር ጎማ፤
ተራራው ግን አልሰማ።

ዶክተሯ አንድ ሐሙስ መጣች። በልጆች ወንበር፣
ጉልበቷ አገጯን ሊነካ፣ አርባ ደቂቃ ስታይ ነበር።
ኮሪደሩ ላይ ጠራችኝ።
"ሶልቬግ፣ 'ከፊቱ' የሚለው ዓምድሽ ባዶ ነው" አለችኝ።
"ከፊቱ ምንም የለማ!"
"ኪስሽ አለ" አለችኝ።

ይነክሳል፤ ጣቴ ይጫናል። ቀጭ ይላል፤ ጆሮውን ይወጋል።
ጆሮው ሲወጋ ይነክሳል።
ስንት ሳምንት ሙሉ እኔው ነበርኩ ከፊቱ፣
እኔው ከኋላው፤ የእሱ መሃል ላይ ያለው፣ ድርጊቱ።

ለሮቤርታ ነገርኳት። ሞተሩን አጠፋች።
መስታወቱ በትንፋሻችን እስኪደበዝዝ ዝም አለች።
"እሱማ ነግሮሽ ነበር" አለች፤
"በቀን ሃያ ሦስት ጊዜ።"

ቆጣሪዋን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት።
ከሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ በረዶውን በተረከዜ ሰብሬ፣
ጠጠር ለቀምኩ፣ ለስላሳ፣ አፍ የሌለው፣
ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ ኪሴ የማሻግረው።
"ምትኩን ሳትሰጡ ንክሻውን አትቀሙት" ብላን ነበር ዶክተሯ፤
ምርኩዝ ነጥቆ ሩጥ ማለት ምን ይሉታል?
ቀይ ካርድ ሰጠሁት፣ "በቃ" የሚል፤
እሱ ሲያነሣው፣ ምንም ይሁን፣ የያዝነው ነገር ይቆማል።
አሥራ አንድ። ስድስት። ስምንት፣ ጉንፋን ይዞት።
ሦስት።

የካቲት ውስጥ ነው፣ ረቡዕ። "አይሆንም" አልኩት ስለ መቀስ።
መጣ። እጁን ግራ ኪሴ ውስጥ ከተተ፣ ቀስ፣
አንድ ጠጠር አወጣ፣ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ጨመረ፣ ሄደ።
ጨዋታ መሰለኝ።
ቆየት ብዬ "ተው!" አልኩት። መጣ። አንድ ጠጠር።
"ቁጭ በል።" አንድ ጠጠር።
ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ የሚሠራ ሰው ፊት ነበር።
ደወሉ ሲደወል ቀኝ ጎኔ ከብዶ ያዘነብለኛል፤
አሥራ አራት። ማንም እንዲህ አጥብቆ
አይቶኝ አያውቅም፣ ባሌም ጭምር።

ማክሰኞ ለዶክተሯ ጠየቅኳት፣ ይሄ የትኛው ዓምድ ይገባል?
ስቃ ስቃ መነጽሯን ጠረገች። አልመለሰችልኝም።
ስንት ወር ስቆጥረው ኖሬ!
በመመረቂያ ጽሑፌ አይገባም፤ ከደብተሬ ኅዳግ ላይ ግን
በእርሳስ ተጽፏል፦
ረቡዕ፣ አንሴል ቆጠረኝ፣ አሥራ አራት።
ሐሙስ፣ ዘጠኝ።